እረኛ እስኪነገረው አይጠብቅም፦ የቤት ውስጥ ሥራና የሐሳብ ሸክም በትዳር

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



በጀመዓችን ስለ ኒካሕ ደርስ በተሰጠ ቁጥር የሚነሡት ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ መህር፣ ስለ ወሊይ፣ ስለ ሠርግ ወጪና ስለ ትዳር አጋር መረጣ ናቸው። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ተወስነው ያልፋሉ። ከኒካሑ ማግስት ጀምሮ በየቀኑ የሚመጣውን ግን እምብዛም አንጠይቅም፦ ሊጡን ማን ያቦካል? ዕቃውን ማን ያጥባል? ዘይት ሊያልቅ መሆኑን ማን ያያል? የልጁን የክትባት ቀን ማን ያስታውሳል? ቤትን ቀስ በቀስ የሚያቀዘቅዘው ሁልጊዜ ትልቅ ጠብ አይደለም፤ እነዚህ ትንንሽ ጥያቄዎች ሳይነሡ ዓመታት ሲያልፉም ቤት ይቀዘቅዛል።

ጉዳዩ ሲነሣ ደግሞ ሁለት አጫጭር መልሶች ይሰማሉ። አንዳንድ ወንድሞች «የቤት ሥራ የሴት ግዴታ ነው፤ ዲኑ እንዲህ ነው» ይላሉ። አንዳንድ እህቶች ደግሞ «በአራቱም መዝሀብ ሴት ቤት ውስጥ የመሥራት ግዴታ የለባትም» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም አባባሎች ከእውነቱ ቁራጭ ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ክርክር ለማሸነፍ እንጂ ቤት ለማቆም አይጠቅሙም። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ የፊቅህ ዑለማዎች ያሉትን፣ ከዚያም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና በሶሓቦች ቤት የነበረውን እናያለን። በመጨረሻም ለተግባር የሚሆን ነገር እናስቀምጣለን፤ ኢንሻአላህ።

1. ሥራው ሁለት ዓይነት ነው፦ የእጅና የሐሳብ

የጤፍ እንጀራ ዛሬ ተፈልጎ ዛሬ አይጋገርም። ዱቄቱ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከመጋገሩ በፊትም አብሲት ይገባበታል። ስለዚህ ሐሙስ ማታ መሶቡ ባዶ እንዳይሆን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማሰብ የግድ ነው። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ምጣዱ በየትኛው ሰዓት እንደሚጣድ ጭምር ማስላት አለ። ውሃ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጀሪካኑ መቼ እንደሚሞላና የልብስ አጠባው በየትኛው ቀን እንደሚውል ማወቅ ያስፈልጋል። እንግዳ ሊመጣ ይችላል፤ ልጅ ሊታመም ይችላል፤ ጤፉም ሊያልቅ ይችላል።

ሥራው ሲቆጠር ግን የሚታየው ምጣዱ ፊት የተቆመበት ሰዓት ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በጭንቅላት ውስጥ የተሠራው አይታይም። በዚህ ጽሑፍ «የሐሳብ ሸክም» የምንለው ይህን ነው። ስያሜው አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሞኒክ ኤኮ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ጽሑፍ ሴቶች ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ላይ ሆነው ቤታቸውን በሐሳብ እንደሚያስተዳድሩ አሳይታለች።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሊሰን ዳሚንገር ደግሞ ከ35 ጥንዶች ጋር ቃለ መጠይቅ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ጥናት ይህን ሥራ በአራት ከፍላዋለች፦ የሚመጣውን ቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ የተወሰነው መፈጸሙን መከታተል። ያገኘችው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ውሳኔ ላይ ባልና ሚስት ብዙውን ጊዜ አብረው ነበሩ። ቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በአብዛኛው የሴቷ ድርሻ ነበር። ጥናቱ የተደረገው በአብዛኛው በተማሩ አሜሪካውያን ባለትዳሮች ላይ ነው፤ ቁጥሩን ለእኛ ቤት እንደ መለኪያ አንወስደውም። ክፍፍሉ ግን የራሳችንን ቤት ለመመልከት ይረዳናል።

የእጁን ሥራ በሚመለከት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሪፖርት አለ። በዚህ ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ሰዓት 76.2 በመቶውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ይህም ከወንዶች 3.2 እጥፍ ነው። ይህ በሰዓት ሊቆጠር የሚችለው ነው። የሐሳቡ ሥራ ሌላ ሥራ እየተሠራ፣ በታክሲ ውስጥ፣ አንዳንዴም ሶላት ላይ ተቁሞ ስለሚሠራ በሰዓት ለመቁጠር ያስቸግራል።

በቡድን ፕሮጀክት የሠራ ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አንዱ «የእኔን ክፍል ንገሩኝ፤ እሠራለሁ» ይላል፤ እውነትም ይሠራል። ሌላዋ ቀኑን ትቆጥራለች፣ ክፍሉን ታከፋፍላለች፣ ያልላከውን ደውላ ታስታውሳለች፣ ሪፖርቱን ታያይዛለች፣ በመጨረሻው ሌሊት የጎደለውን ሞልታ ታስረክባለች። ውጤቱ ለሁሉም እኩል ይሰጣል፤ ድካሙ ግን እኩል አልነበረም። «ንገሪኝና ላግዝሽ» የሚል ባልም እንዲሁ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማየቱንና ማስታወሱን ለሚስቱ ትቶ ከሥራው እጁን ብቻ አዋጥቷል።

2. የፊቅህ ዑለማዎች ምን ይላሉ?

በመጀመሪያ በጉዳዩ ላይ የዑለማዎች ኺላፍ እንዳለ ማወቅ አለብን። በሻፊዒይና በሐንበሊይ መዝሀብ የታወቀው አቋም የኒካሕ ውል ሚስትን ለቤት ሥራ አያስገድዳትም የሚል ነው። በሐነፊዮች ዘንድ በእሷና በአላህ መካከል ግዴታ ነው፤ ቃዲ ግን አያስገድዳትም። በማሊኪዮች ዘንድ የባልየው አቅምና የሴቲቱ ወገኖች ልማድ ይታያል፤ አቅም የሌለው ሰው ሚስት እንደ ማቡካትና መጥረግ ያለውን የውስጥ ሥራ ትሠራለች፤ አቅም ያለው ሰው ግን አገልጋይ ያመጣል። ኢብኑ ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል-ቀይም ደግሞ በመዕሩፍ፣ ማለትም በአገሩ መልካም ልማድ መሠረት ግዴታ ነው ብለዋል። ስለዚህ «አራቱም መዝሀብ ግዴታ የለባትም ብለዋል» ማለት ትክክል አይደለም፤ «ዲኑ ግዴታ ነው ብሏል» ብሎ ኺላፉን መደበቅም ትክክል አይደለም።

በአገራችን የሻፊዒይ ፊቅህ የሚቀሩ ደረሶች የኢማም ነወዊን «ሚንሃጅ» ያውቁታል። በነፈቃ ምዕራፍ ላይ ባል ለሚስቱ በየቀኑ የሚሰጠው እህል ተለክቶ ተቀምጧል፦ ሀብታም 2 ሙድ፣ መካከለኛ 1.5 ሙድ፣ ድሃ 1 ሙድ። በዚህ አያበቃም፤ ይበልጥ ትክክለኛ በተባለው አቋም ማስፈጫውና ማስጋገሪያውም በባል ላይ ነው። ይህን ስናነብ አንድ ነገር እንረዳለን፦ በእህልና በእንጀራ መካከል ድካም እንዳለ እነዚያ ዑለማዎች አይተውታል፤ ቆጥረውታልም። ዛሬ «እኔ አስቤዛ አምጥቻለሁ፤ የቀረው ያንቺ ነው» የሚል ወንድም ይህን ምዕራፍ ቢያነበው መልካም ነው።

እህቶችም ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ አለብን። በዚያው መጽሐፍ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ የመድኃኒትና የሐኪም ክፍያ በባል ላይ ግዴታ አይደለም ተብሏል። ሚስት «ግዴታዬ አይደለም» ብላ ከምጣድ ብትርቅ፣ ባልም «ግዴታዬ አይደለም» ብሎ ሐኪም ቤት ሳይወስዳት ቢቀር፣ ሁለቱም ከአንድ ገጽ ማስረጃ ሊጠቅሱ ይችላሉ። ግን በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አር-ሩም 30፥21 በባልና ሚስት መካከል ያደረገው መዋደድና መተዛዘን የት ይገኛል? ፊቅህ የመጨረሻውን ወለል ያሳያል፤ ከዚያ በታች ከተወረደ በደል ነው። ቤቱ የሚሠራው ግን ከወለሉ በላይ ነው።

ኢብኑ ተይሚያ ግዴታውን ከመዕሩፍ ጋር ሲያያይዙ ሥራው እንደ ሁኔታው ይለያያል ብለዋል፤ የገጠሯና የከተማዋ፣ የጠንካራዋና የደካማዋ እኩል አይደለም። ከዚህ የምንረዳው ግዴታ ነው ያሉትም እንኳ ሚዛኑን እንዳልተዉት ነው። የቀድሞው ልማድ የቆመው ባል ከውጭ ያመጣል፣ ሚስት ከውስጥ ታዘጋጃለች በሚል መደጋገፍ ላይ ነበር። ዛሬ ብዙ እህቶቻችን ተመርቀው ይሠራሉ፤ ከደመወዛቸው የቤት ኪራይ ያግዛሉ። ገንዘቧ የራሷ ነው፤ ነፈቃ አሁንም በባል ላይ ነው። የኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ) ስለዚህ በጠየቀች ጊዜ ለባሏ የምታወጣው ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል፤ የዝምድናና የሰደቃ። እንግዲህ እሷ የእሱን ድርሻ በበጎ ፈቃድ እየተጋራች እሱ የእሷን ድርሻ አለመጋራቱ መዕሩፍ ይባላል ወይ?

3. በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና በሶሓቦች ቤት

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ በቤተሰባቸው አገልግሎት ላይ እንደነበሩና የሶላት ወቅት ሲደርስ እንደሚወጡ መልሳለች፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። በሌላ ዘገባ ልብሳቸውን ይሰፉ፣ ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ፍየላቸውን ያልቡ እንደነበር ተነግሯል። ልብ በሉ፤ የተነገረው አንድ ቀን ስላገዙት ሥራ አይደለም፤ የዘወትር ልማዳቸው ነው። እኒህ ሰው የኡማው መሪ፣ ዳኛ፣ የጦር አዛዥና የወሕይ ተቀባይ ነበሩ። ከእሳቸው የበለጠ ሥራ የበዛበት ወንድ ካለ ይምጣ።

የፋጢማና የዐሊይ (ረ.ዐ) ቤት ታሪክም ይታወቃል። ፋጢማ በእጅ ወፍጮ ምክንያት እጇ ተጎድቶ አገልጋይ ለመጠየቅ ወደ አባቷ ሄደች፤ አላገኘቻቸውምና ለዓኢሻ ነገረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማታ ሁለቱም ከተኙ በኋላ መጥተው ከአገልጋይ የሚሻል ነገር አስተማሯቸው፦ ሲተኙ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር ማለት። ግዴታ ነው ያሉ ዑለማዎች «ሥራው ግዴታዋ ባይሆን ኖሮ ለዐሊይ ይነግሩት ነበር» ይላሉ፤ ግዴታ አይደለም ያሉት ደግሞ «በበጎ ፈቃድና በመልካም ጠባይ የሠራችው ነው» ይላሉ። ሁለቱም የሚስማሙበትን ግን አንርሳ፤ ፋጢማ ደከመኝ በማለቷ አልተወቀሰችም። የዓለማቱ ነቢይ በሌሊት ወደ ቤቷ ሄደዋል። ዝክሩም የተሰጠው ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ ለባልየውም ጭምር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ሌላ ዘገባ አለ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የውስጡን ሥራ ለፋጢማ፣ የውጭውን ለዐሊይ አከፋፈሉ የሚል። የዚህ ዘገባ ሰነድ ሙርሰል ነው፤ ማለትም ከታቢዒዩ በላይ ያለው ተቆርጧል። ስለዚህ ክርክርን ለመዝጋት የሚበቃ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛው የአስማእ ቢንት አቢ በክርና የዙበይር (ረ.ዐ) ቤት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ዙበይር ሲያገባት ከፈረሱና ውሃ ከሚቀዳበት ግመል በቀር ሀብት አልነበረውም። ፈረሱን ትቀልባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ የቆዳ ባልዲውን ትሰፋለች፣ ታቦካለች። መጋገር አትችልበትም ነበርና የአንሷር ጎረቤቶቿ ይጋግሩላት ነበር። ከሩቅ እርሻ የተምር ፍሬ በራሷ ተሸክማ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ይህን ለዙበይር ስትነግረው መሸከሟ በእሱ ላይ እጅግ የከበደ መሆኑን ተናገረ። በኋላ አባቷ አቡ በክር (ረ.ዐ) ፈረሱን የሚንከባከብ አገልጋይ ሲልኩላት ከባርነት ነፃ የወጣች ያህል እንደተሰማት ተናግራለች።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አስማእ ድካሟን አልደበቀችም። ሁለተኛ፣ ዙበይር ሸክሟ ከበደው እንጂ «ግዴታሽ ነው» አላለም። ሦስተኛ፣ ጎረቤትና አባት ሸክሙን አቃለሉ። ሸክሙን ባልና ሚስት ብቻቸውን አልተሸከሙትም።

4. እረኛ እስኪነገረው አይጠብቅም

ሁላችንም የምናውቀው ሐዲስ አለ፤ እያንዳንዳችን እረኞች መሆናችንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ የሚናገረው። ወንድ በቤተሰቡ ላይ እረኛ ነው፤ ሴትም በባሏ ቤት ላይ እረኛ ናት። እረኛ ማለት ምን ማለት ነው? ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እረኛ «የቱ በግ እንደጠፋ ንገሩኝና እፈልጋለሁ» አይልም። እሱ ራሱ ይቆጥራል። ዝናብ ሳይመጣ ሰማዩን ያያል። የታመመችውን ከሌሎቹ ቀድሞ ይለያታል። ማታ በረቱ መዘጋቱን ሳያረጋግጥ አይተኛም።

ቀድሞ ማየት፣ መፈለግ፣ መወሰን፣ መከታተል፤ ተመራማሪዋ በአራት የከፈለችው ሥራ እረኝነት ውስጥ ሁሉም አለ። ስለዚህ የሐሳብ ሸክም ከውጭ የመጣ አጀንዳ አይደለም፤ በዲናችን አማና የምንለው ነው። ቂዋማም ከዚህ አይለይም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 4፥34 ለወንድ የተሰጠው ቂዋማ ቆሞ መጠበቅንና ኃላፊነት መሸከምን የያዘ ነው። አንድ ወንድም በአንድ አፉ «የቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ» ብሎ፣ በሌላ በኩል የልጁ ጫማ መጥበቡን፣ የሚስቱ የእርግዝና ክትትል ቀን መቼ እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ዱቄት መኖር አለመኖሩን ሳያውቅ ከዋለ ኃላፊነቱ በስም ብቻ ነው። ኃላፊ ሰው ረዳት ሆኖ ትእዛዝ አይጠብቅም።

ፍትሕ ያለበት ንግግር እንዲሆን የወንዱንም ስውር ሸክም እንጥቀስ። የወሩ ኪራይ፣ ለወላጅ የሚላከው፣ የዘመድ ብድር፣ ሥራ ቢቀር ምን ይሆናል የሚለው ሐሳብ ብዙ ወንዶችን ሌሊት ያስነሣል፤ ለሚስታቸውም አይነግሯትም። ይህም ሊታይና ሊካፈል የሚገባው ሸክም ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንዱ የሌላውን ሸክም ካላየ፣ እያንዳንዱ «እኔ ብቻ ነኝ የምደክመው» ብሎ ያምናል።

5. መፍትሔው በሹራ ይጀምራል

በቁርኣን ውስጥ ምክክር ከተጠቀሰባቸው ቦታዎች አንዱ ጡት ማስጣል ነው። በሱረቱል በቀራ 2፥233 ወላጆች ልጃቸውን ከሁለት ዓመት በፊት ጡት ማስጣል ቢፈልጉ በመዋደድና በመመካከር ይሁን የሚል ትምህርት አለ። የሕፃን ወተት ያህል የዕለት ተዕለት ጉዳይ ሹራ ካስፈለገው፣ የቀረው የቤት ጉዳይማ እንዴት አያስፈልገው? ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ሥራውን ሁሉ መጻፍ። ባልና ሚስት፣ ወይም ለኒካሕ የተጫጩ ሰዎች በወሊይ ፊት፣ ቁጭ ብለው ቤቱ በሳምንት የሚፈልገውን ይጻፉ። መጥረግና ማጠብ ብቻ አይደለም፤ ማስታወስ፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ዘመድ መጠየቅ፣ ለዒድ የልጆች ልብስ ማሰብም ይጻፍ። ያልተጻፈ ሥራ ይረሳል፤ የሠራውም ሰው ይረሳል።

ሁለተኛ፣ ሥራን ከነሐሳቡ መረከብ። «አስቤዛ የእኔ ነው» ያለ ሰው የጎደለውን ራሱ ያያል፣ ራሱ ይገዛል፣ ራሱ ይከታተላል። ዝርዝር ጽፋ እስክትሰጠው ከጠበቀ ግማሹን ሥራ አልተረከበም።

ሦስተኛ፣ የሰጡትን መልቀቅ። ይህ በተለይ ለእህቶች ነው። ባል ዕቃ ሲያጥብ ከኋላው ቆሞ ማረም፣ ወይም «አንተ አትችልበትም» ብሎ ከእጁ መቀበል የሐሳቡን ሸክም መልሶ መሸከም ነው። አስማእ (ረ.ዐ) መጋገር ባትችልበትም ቤቷን አቁማለች፤ ባልም እየሠራ ይለምዳል።

አራተኛ፣ ባህልን ከዲን መለየት። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚል ሐዲስ የለም። በዶርም ልብሱን ራሱ የሚያጥብ፣ አልጋውን ራሱ የሚያነጥፍ ወንድም ከኒካሕ በኋላ እጁ የሚሰንፍበት ምክንያት የለም።

አምስተኛ፣ ሠራተኛ መቅጠር ሐሳቡን እንደማያስቀር ማወቅ። ሠራተኛዋን ማሠልጠን፣ መከታተልና ማስተናገድም ሥራ ነው፤ ማን እንደሚይዘው ይወሰን። እሷም ሐቅ አላት፤ ደመወዟ አይዘግይ፣ ዕረፍት ይኑራት። የእኛን ሸክም ወደ ሌላ ድሃ እህት ትከሻ ማዛወር ብቻውን ፍትሕ አይደለም።

ስድስተኛ፣ በየጊዜው እንደገና መመካከር። ልጅ ሲወለድ፣ አንዱ ፈተና ላይ ሲሆን፣ ረመዳን ሲገባ ክፍፍሉ ይለወጥ። በብዙ ቤት ለሱሑር ቀድማ የምትነሣው፣ ለኢፍጣር ሾርባና ሳምቡሳ ስታዘጋጅ የምትውለው፣ ተራዊሕ ሲሰገድ ዕቃ የምታጥበው አንድ ሴት ናት። የቁርኣን ወር ገብቶ እስኪወጣ ለቁርኣን ጊዜ ያላገኘች ሚስት ካለች፣ ባሏ ስለዚህ ጉዳይ እረኛ እንደነበር ራሱን ይጠይቅ። የዚህ ሸክም ዋጋ ድካም ብቻ አይደለም፤ የዒባዳ ጊዜም ነው።

ሰባተኛ፣ ማመስገን። ሰዎችን የማያመሰግን አላህን እንደማያመሰግን ተምረናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አነውረው እንደማያውቁ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ነግሮናል፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዉታል። ቤት ውስጥ «ጀዛከላሁ ኸይር» ወይም «ጀዛኪላሁ ኸይር» ማለት ምንም ወጪ የለውም።

የዚህ ሁሉ ዓላማ ሥራን በሚዛን ሃምሳ ለሃምሳ መቁረጥ አይደለም። ባልና ሚስት ተመካክረው ውስጡን ለእሷ፣ ውጩን ለእሱ ቢያደርጉ ማንም አይከለክላቸውም። ወሳኙ ሥራው መታየቱ፣ በስምምነት መከፋፈሉና ማንም ሳይጠየቅ አለመጫኑ ነው። ከእናንተ መካከል ለቤተሰቡ መልካም የሆነው ነው ምርጡ የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት የምንፈተነው በመስጂድ ሰፍ ላይ ሳይሆን በማጀት ነው።

ለሐለቃ መወያያ
• ባደግንበት ቤት የሚጎድለውን ቀድሞ የሚያየው ማን ነበር? ሌሎቹስ ይህን ያውቁ ነበር?
• ከዲን ነው ብለን የያዝነው፣ ግን የባህል ብቻ የሆነ የሥራ ክፍፍል የትኛው ነው?
• ለኒካሕ የምንዘጋጅ ከሆነ ከመህር ቀጥሎ የትኞቹን የቤት ጉዳዮች አስቀድመን መነጋገር አለብን?
• በጀመዓችን የኢፍጣር ዝግጅት ላይ ማሰቡና ማስታወሱ በማን ላይ ይወድቃል? በዚህ ዓመትስ እንዴት እንከፋፈለው?

አላህ (ሱ.ወ) ያገቡትን በመዋደድ ያኑራቸው፤ ላላገቡት መልካም የትዳር አጋር ይወፍቃቸው፤ ቤቶቻችንንም የእዝነት ቤቶች ያድርጋቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።